አማቴን ሮም ማድረስ

ውጭ አገር መሄድ ከባድ ነው የሚል ሰው ሄዶ አያውቅም። መሄድማ ምን አለው? የሚሄደው አውሮፕላኑ ነው፤ እናንተ ቁጭ ነው የምትሉት። ከባዱ መድረስ ነው! አውሮፕላኑ ካራገፋችሁ ቦታ አንስቶ እስከ አልጋችሁ ያለችው መንገድ... እሷን የሚያህል ሩቅ አገር በካርታ ላይ የለም።

ይህን የምለው አንብቤ አይደለም። አማቴን ይዤ ሮም ደርሼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። (አማርኛዬ የትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ትግርኛ ቢያዘነብል እናንተ አቃንታችሁ አንብቡት።)

አማቴ አደይ ምሕረት (አደይ እናቴ ማለት ነው) የሚኖሩት አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጣሊያኖቹ ሻንጣቸውን ሸክፈው እስኪሄዱ ድረስ። ዘመን አለፈ፤ ነጻነት መጣ፤ ከነጻነት ጋር ፓስፖርት መጣ። የካቶሊክ ቁምስናቸው ምእመናንም ወደ ቅዱሳኑ ከተማ ወደ አሲዚና ወደ ሮም በአስጎብኚ የሚመራ መንፈሳዊ ጉዞ አሰናዱ። አደይ ምሕረት ማንንም ሳያማክሩ ተመዘገቡ። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ሚስቴ፣ ስሟ ለተብርሃን ነው፣ ዞር ብላ አየችኝ። ሚስት ዞር ብላ ስታይ ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። ያላገባችሁ አትቸኩሉ፤ ትደርሱበታላችሁ።

"እኔ ሁሉን አዘጋጃለሁ፤ እናትሽ ጣታቸውን አያነሱም" አልኳት። ወንድ ልጅ አፉን የሚከፍትበትን ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ስንት መከራ በቀረለት!

የጉዞው አዘጋጅ ሴትዮ ሰብስባ ነገረችን። "አውቶቡሱ ሰኞ ጧት ሮም ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነሳል፤ መጨረሻ ላይም እዚያው ያወርዳችኋል። ከአውቶቡሱ በር እስከ አውቶቡሱ በር ኃላፊነቱ የኛ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የራሳችሁ ነው።"

ታዲያ ከአስመራ የሚነሳው አውሮፕላን ሮም የሚያደርሰን ቅዳሜ ነው። የሚመልሰን ደግሞ ጉዞው ካለቀ ከቀናት በኋላ። በመሃሉ የት ልናድር ነው? ከአየር ማረፊያስ ማን ያወጣናል? ሌሎቹ ተጓዦች ቅንድባቸውን እንኳ አልነቀነቁም፤ ሁሉም ሮም ዘመድ አላቸው። የአስመራ ሰው ሆኖ ሮም ውስጥ አንድ ያክስት ልጅ የሌለው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አንዲት የአደይ ምሕረት ጎረቤት የሆኑ ተጓዥ "ከኛ ጋር የእህቴ ልጅ ቤት ታርፋላችሁ" ብለው ሲለምኑን እኔ ልቤ ውልቅ ብሎ ሊወጣ ነው በደስታ። አደይ ምሕረት ግን "ኣይፋል!" አሉ። የለም ማለታቸው ነው። "እኔ የማድረው ሆቴል ነው።"

"አደይ፣ ዘመድ እያለ..."

"ስማኝ ወደይ፣ ልጄ። እኔ ዕድሜዬን በሰው ቤት ነው ያደርኩት። ወገቤ የጎበጠው የሰው አልጋ ሳነጥፍ ነው። አንድ ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እጄን አጣጥፌ፣ ሰው የኔን አልጋ ሲያነጥፍ ማየት እፈልጋለሁ። ሮም የምሄደው ለቅዱሳኑ ነው። ለአልጋውም ነው።"

ሆቴል ፍለጋ ተነሳሁ።

እኔ በማዘጋጃ ቤት የውሃ ክፍል ነው የምሠራው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘመዱ ከሮም ያመጣለት የክብሪት ቀፎ ነበረው፤ ላዩ ላይ የሆቴል ስም ከነስልኩ ታትሞበታል። ክብሪቱን አስቀርቶ ቀፎውን ሰጠኝ። ያኔ ወደ ውጭ የሚደወለው ከስልክ ቤት ነው። ወረፋ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ስማችሁ ሲጠራ ቁም ሣጥን ከምታህል ክፍል ገብታችሁ ትጮኻላችሁ። መስመሩ ደካማ ስለሆነ ካልጮኻችሁ ሮም አይሰማም። ከጮኻችሁ ደግሞ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይሰማል።

የኔ ጣሊያንኛ የማንም የአስመራ ሰው ጣሊያንኛ ነው፦ ማኪና፣ ፌርማታ፣ ፎርኬታ፣ ሳልሳ። በዚህ ቋንቋ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ፓስታ ይበላል እንጂ ሆቴል አይዝም። ስለዚህ አደይ ምሕረትን ይዣቸው ሄድኩ። የሳቸው ጣሊያንኛ... አቤት ጣሊያንኛ! እንደ ምንጭ ውሃ ነው የሚንቆረቆረው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። የተማሩት ከእመቤታቸው አፍ ነው፤ እመቤቲቱ ደግሞ ለሠራተኛዋ የምትናገረው ትእዛዝ ብቻ ነበር። "እባክሽ" የሚለውን ቃል እሳቸው ፊት የተናገረ ጣሊያን ስላልነበረ፣ አልተማሩትም።

ስልኩን ያዙና ጀመሩ።

"ፕሮንቶ! ሁለት ክፍል! ንጹሕ! ቶሎ!"

ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ወደ ክፍላችን ዞረ።

"ማኪና! አየር ማረፊያ! ቅዳሜ ጧት! እንዳትዘገይ! ዝም በልና ጻፍ!"

ያኛው ዝም ብሎ ጻፈ መሰለኝ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ። አደይ ምሕረት ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት፤ እንደገና አስጠጉት።

"ምን አለ?" አልኳቸው።

"'ሲ፣ ሲኞራ' አለ።"

"እሺ እመቤቴ ማለት አይደል? ጥሩ ነዋ!"

ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት "ሲ፣ ሲኞራ" ሲሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲባሉ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ዘግተን ስንወጣ ወረፋ ጠባቂዎቹ ሽማግሌዎች ብድግ ብለው አሳለፏቸው። ደጅ ደርሰን ትንሽ እንደተራመድን ቆም አሉና "ወደይ፣ ሌላ የረሳነው ትእዛዝ የለም?" አሉኝ።

አልነበረም። ቢሆንም ሌላ ቀን ሄደን ስለ ትራስ ደወልን። ከዚያ ስለ ትራሱ ልብስ ደወልን።

ቅዳሜ ጧት ሮም ገባን። የፖሊሱ መኮንን ገና ቀለሟ ያልደረቀ ፓስፖርታችንን ፊቷንም ጀርባዋንም አገላብጦ አየና "ኤሪትሬያ?" አለ፣ እንዲህ ያለ አገር መኖሩን እኛው እንድናረጋግጥለት። አደይ ምሕረት "እወ!" አሉት፣ በትግርኛ አዎ ማለታቸው ነው። ማህተሙን መታ።

ውጭ ስንወጣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሹፌር "ሲኞራ ምሕረት" የሚል ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ብቻ "ሲኞራ ምሕረት"! የኔ፣ የተስፋይ፣ ስም የለም። እጅ ነስቶ ቦርሳቸውን ተቀበላቸው፤ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ሻንጣዎቹን ሊያነሳ ነው ብዬ ስጠብቅ ወደኔ ዞሮ በጣቱ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ አሳየኝ። ጫንኩ። ዘመድ አለን ያሉት ተጓዦች ዘመድ እየጠበቁ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ አማቴ በመስኮት እጃቸውን እያውለበለቡላቸው አለፉ።

ሆቴሉ ስንደርስ ነገሩ ተገለጠልኝ። በስልክ እንዲያ የምታዝ ሴት ሁለት ክፍል ስትይዝ፣ አንዱ የሷ፣ አንዱ የአሽከሯ መሆኑ ለማን ይጠፋል? ለሳቸው በረንዳ ያለው ሰፊ ክፍል ተሰጣቸው። ለኔ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ሲቆሙ ራስ የምትመታ አንዲት ጉረኖ። "አደይ፣ እስቲ አማችዎ መሆኔን ይንገሯቸው" ብላቸው "አማች በጣሊያንኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እመቤቴ ቤት አማች አልነበረም" አሉኝ።

እሑድ ጧት ያ የተጠበቀው ሰዓት ደረሰ። አደይ ምሕረት ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸውን ከአልጋው ፊት ለፊት አስተካክለው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ አሽከር አይደለሁ? አንዲት ወጣት ሴት አንሶላ ታቅፋ "ቡዎን ጆርኖ ሲኞራ" ብላ ገባች። ጠይም ናት፤ ፀጉሯ በሻሽ ተጠቅልሏል። ሥራዋን ጀመረች። አደይ ምሕረት ምን ይበሉ? የሚያውቁትን ጣሊያንኛ ነዋ!

"ጠበቅ አድርጊው! ጥጉን! አይደለም፣ እንደገና! ቶሎ በይ!"

ልጅቷ እንደገና አነጠፈች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ፣ በጥርት ያለ የአስመራ ትግርኛ "እንታይ ዓይነት ሰበይቲ እያ እዚኣ!" አለች። ይቺ ምን ዓይነት ሴት ናት ማለቷ ነው።

አደይ ምሕረት ያጣጠፉትን እጃቸውን ፈቱ።

"ጓል መን ኢኺ?" አሉ አደይ ምሕረት። የማን ልጅ ነሽ?

ልጅቷ ትራሱን ጣለች። ሰናይት ትባላለች። እናቷ አስመራ፣ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ አደይ ምሕረት ደግሞ የዓመት በርበሬያቸውን የሚገዙት ከማን መሰላችሁ? ልጅቷ ይቅርታ ለመጠየቅ እግራቸው ላይ ልትወድቅ፣ እሳቸው ከወንበር ተነስተው ሊያነሷት፣ አንሶላው በሁለቱ መሃል ተጠምጥሞ ሦስቱም መሬት ሆኑ። ተላቀሱ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። "የዚችን ልጅ እጅ እያየሁ እንዴት ቁጭ ልበል?" አሉኝ። ያን አልጋ ሁለቱ ሆነው አነጠፉት።

ብቻ ያን አልጋ ቢሆን ጥሩ ነበር! ሰኞ ጧት፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ አማቴ የሉም። ክፍላቸው የሉም። ቁርስ ቤት የሉም። ደረጃውን ወጥቼ ወርጄ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ከላይኛው ፎቅ "ጥጉን! ጥጉን ጠበቅ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከሰናይት ጋር የማያውቁትን ሰው አልጋ እያነጠፉ ነው።

"አደይ! አውቶቡሱ!"

"ሁለት ክፍል ብቻ ነው የቀራት!"

"አሲዚ! ቅዱሳኑ!"

"ቅዱሳኑ የሞቱ ናቸው፤ ይጠብቃሉ። ይቺ ልጅ ግን አለቃ አለባት።"

ትራስ አንስቼ ልብሱን አለበስኩ።

ቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጭስ እንኳ አልነበረም። የአደይ ምሕረት ፊት ወዲያው ተለወጠ። ደረጃው ላይ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን አወጡ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ይህን ጉዞ ስንት ዘመን እንደተመኙት አውቃለሁ፤ ለተብርሃንንም አውቃታለሁ። ወደ ሆቴሉ ሮጥኩ። ለሰናይት ነገርኳት፤ ሰናይት ለጥቁር ሱፉ ሹፌር ነገረችው፤ ሹፌሩ "ለሲኞራ ከሆነ እስከ አሲዚ" አለ። (ሒሳቡን አትጠይቁኝ፤ ሚስቴም ይህን ጋዜጣ ታነባለች።)

አነዳዱን አልገልጸውም። ከኋላ ወንበር "ቀጥ በል! ፍጠን! ዝም ብለህ ንዳ!" የሚል ድምፅ መንገዱን ሁሉ አልተቋረጠም፤ ሹፌሩም "ሲ፣ ሲኞራ" ማለቱን አላቋረጠም። አውቶቡሱ ለካ ተጓዦቹ ቡና ይጠጡ ብሎ ሁለት ቦታ ቆሟል። አስጎብኚዋ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ መንጋዋን እየመራች የአሲዚው ባሲሊካ ደጃፍ ስትደርስ፣ አደይ ምሕረት ጸሎታቸውን ጨርሰው እየወጡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው በሰላም አለቀ። ሮም ተመልሰን ያቺኑ በረንዳና ያቺኑ ጉረኖ ያዝን። በመጨረሻው ጧት ሰናይት አንሶላ ታቅፋ መጣች። አደይ ምሕረት ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

"እናቴ ብትመጣ አላነጥፍላትም ነበር?" አለቻቸው።

ተቀመጡ። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ አሳምራ፣ አነጠፈች። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው አዩ። አንዲት ቃል አላዘዙም። ሲያበቃ "የቐንየለይ፣ ጓለይ" አሏት፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለት ነው። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ዓይኔ ውስጥ የገባውን ነገር ሳወጣ ቆየሁ።

እንግዲህ አስመራ ገባን። ረቡዕ ጧት፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ አውሮፕላኑ አራገፈን። የሁሉም ተጓዥ ዘመድ አበባ ይዞ፣ እልል እያለ ደጁን ሞልቶታል። ጎረቤታቸው "ኑ፣ መኪናችን ሰፊ ነው፤ እናድርሳችሁ" አሉን።

አደይ ምሕረት ቀና አሉ። "የለም። ተስፋይ ሁሉን አዘጋጅቶታል። የኛ መኪና ይመጣል።"

በሕይወቴ እንዲህ ተሞግሼ አላውቅም። ጠበቅን። ሰው ሁሉ ሄደ። ጠበቅን። የአየር ማረፊያው ጠራጊ እግራችን ሥር ጠረገ፤ ዞረን ቆምን፤ ያንንም ጠረገ። ቀስ በቀስ ነገሩ ይገባኝ ጀመር። ለለተብርሃን "ከሮም የምንነሳው ማክሰኞ ነው" ብዬ ነበር የነገርኳት። ስለ ሮም መኪና፣ ስለ ሮም ሆቴል፣ ስለ ሮም ትራስ ልብስ ሳስብ፣ ማክሰኞ ማታ የተነሳ ሰው አስመራ የሚደርሰው ረቡዕ መሆኑን መናገር ረስቼዋለሁ። እሷም ማክሰኞ ዘመድ አዝማዱን በኪራይ አውቶቡስ ጭና፣ ከበሮ ሳይቀር ይዛ መጥታ፣ ማንም ሳይወርድላት ከበሮዋን ይዛ ተመልሳለች።

በከተማው አውቶቡስ ቆመን ተጓዝን። ፌርማታ ወርደን ሁለቱን ሻንጣዎች እየጎተትኩ፣ አማቴ ከኋላዬ፣ ቃሓውታ ሰፈር፣ እቤቴ ደረስን። ለተብርሃን በሩን ከፈተች። አየችን። ሻንጣዎቹን አየች። ከዚያ እኔን... ያን አስተያየት ቅድም ነግሬያችኋለሁ፣ አልደግመውም።

"እንዴት ነው ሰው ሮም ድረስ መኪና አዝዞ፣ ሆቴል አዝዞ፣ እዚህ እቤቱ ደጃፍ ሻንጣ እየጎተተ የሚመጣው?!"

አደይ ምሕረት ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና እግራቸውን እያሻሹ፣

"ባልሽን አትቆጪው" አሏት። "የሰው አገር በደንብ ያውቃል። ያልለመደው የራሱን ነው።"