ልጄ ሳትሞት ድንኳን አስተከልኩ

ዛሬ እዚህ ልደታ ሰፈር ያደረግኩትን ብነግራችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ቢሆንም ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴው ስሙት።

ለልጄ ለቅሶ ተቀመጥኩ። እድር ጠርቼ፣ ድንኳን አስተክዬ፣ ንፍሮ አስቀቅዬ።

ልጄ ደህና ናት።

ቤቲ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ሰሜን ተራሮች ላይ ቱሪስት ስትመራ ቆይታ፣ አሁን ደግሞ ከፈረንጆች ጋር ኔፓል የሚባል አገር ተራራ ልትወጣ ሄዳለች። ተራራ እኮ እኛም ጋ ሞልቷል። እንጦጦ እዚሁ ነው።

በየቀኑ ቮይስ ትልክልኛለች። እኔ ተክለ ሃይማኖት ካልሲ እየቸረቸርኩ እሰማታለሁ። ደንበኞቼም አብረው ይሰማሉ።

የካምፕ ኑሮ እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ ድንኳኑን እስክትነካው ማንም አይነሳም። ሌሊት የተነፈሱት ትንፋሽ ጣሪያው ላይ በረዶ ሆኖ ያድርና፣ ሲገላበጡ ፊታቸው ላይ ይራገፋል። ስልካቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ነው የሚተኙት፤ ብርዱ ባትሪውን ይጨርሰዋል። እርጥብ ካልሲ የሚደርቀው ሆድ ላይ ተደርጎ ነው። ካልሲው የእኔ ነው፣ ምርጥ ሱፍ። እዚያም ደርሷል በሉ።

ጥርስ መቦረሽ ያደክማል። ጫማ አስሮ ቀና ማለት ትንፋሽ ያሳጥራል። ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ እህሉ ግን አይበስልም። ይሄን ደጋግማ ነግራኝ አሁንም አልገባኝም።

ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለፍተው ከፍ ወዳለው ካምፕ ይወጡና፣ ዕቃ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ሰውነት አየሩን እንዲለምድ ነው አሉ።

"ከተመለሳችሁ ለምን ወጣችሁ?" አልኳት።

"እማዬ፣ ዝም ብለሽ መርቂኝ" አለችኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወደ ጫፉ የሚወጡበት ቀን ሲደርስ "ሳትመርቂኝ ከካምፕ ንቅንቅ አልልም" ብላኛለች። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ፣ አልመረቅኳትም። ሲሰለቻት ትመጣለች ብዬ፣ ልጄን በምርቃቴ ካምፕ ላይ አስሬ አስቀምጫታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ፎቶ ላከች።

ትልቅ ድንኳን ነው። ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ራሳቸውን ጠምጥመዋል፣ ጋቢ የመሰለ ነገር ደርበዋል። አንዱ ፂማም ፈረንጅ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ፊት ለፊታቸው ሰሃን አለ።

ሰሃኑን አጉልቼ አየሁት።

ንፍሮ!

ስንዴና ሽምብራ። ጥሬውን ሻንጣዋ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ።

ቤቲ ግን የለችም። ጥግ ጥጉን ሁሉ ፈለግኳት። ከዚያ ሁሉ ሰው እሷ ብቻ የለችም።

ከፎቶው ስር ቮይስ አለ፤ ክቧ ትሽከረከራለች፣ አይከፈትም። ኔትወርክ። ብደውል ዝግ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። ድንኳን፣ ንፍሮ፣ አንገቱን የደፋ ሰው። እዚህ አገር ያደገ ሰው ምን ይላል? ሠርግ ነው ይላል?

ጮህኩ።

ምድር ቤት የምትኖረው ዘይነባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቅመም የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ እጇ በርበሬ እንደሆነ ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ፎቶውን አሳየኋት።

"አንቺ ሴት፣ ምሳ እየበሉ ይሆናል እኮ" አለችኝ። ከዚያ አጉልታ አየችው። ከዚያ በዚያው በበርበሬ እጇ ዓይኗን ጠረገች።

ያለቀሰችው ለቤቲ ይሁን ለበርበሬው እስካሁን አላወቅንም። እኔ ግን እንባዋን አየሁ። አለቀ።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተካ ተጠሩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ድንኳኑ በደንብ ተወጥሯል" አሉ።

"ጋሽ ተካ፣ ይንገሩኝ፣ ልጄ ሞታለች?"

"መርዶ በስልክ አይነገርም፣ የቤቲ እናት" አሉኝ።

እሳቸው እኔን ለማረጋጋት ነበር። እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው፦ ፈረንጆቹ መርዶ መናገር ፈርተው በእሷ ስልክ ፎቶ ላኩልኝ።

የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ አንድ አምፖል ለመቀየር ስንት ስብሰባ ይቀመጣል። እድራችን ግን ምሳ ሳይደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ ድስት ጥዷል። የተክለ ሃይማኖት ካልሲ ሻጮች ሥራቸውን ትተው መጡ። ከልደታ ማርያም የጽዋ ማኅበርተኞቼ መጡ። አባቷ ከሥራ ተጠርቶ መጥቶ ከወንዶቹ መሃል ኩርምት ብሏል።

እኔ ደረቴን እየመታሁ ነው። "ካልሲሽ ሆድሽ ላይ ሳይደርቅ" እያልኩ አለቅሳለሁ። ሰዉ ምን ማለቴ እንደሆነ ባይገባውም ያነባል።

ስልኬ ጠራ። ቪዲዮ ነው።

ዘይነባ ከፈተችው። ከንፈሯ የተሰነጣጠቀ፣ አፍንጫዋ የተላጠ፣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ልጅ ብቅ አለች።

"እማዬ?"

እሷ ከኋላዬ ያለውን እያየች ነው። ድንኳኑን። አግዳሚውን። ጥቁር የለበሰውን ሰው።

"እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?"

ሰዉ ሁሉ ጋሽ ተካን ያያል።

"አባዬ ነው? አባዬ ነው አይደል?" ማልቀስ ጀመረች። እዚያ ላይ ደግሞ ለማልቀሻም ትንፋሽ የለም፤ ስቅ ትልና አየር ትፈልጋለች፣ ስቅ ትልና አየር ትፈልጋለች።

አባቷ ከወንዶቹ መሃል ተነስቶ እጁን አወዛወዘላት። "አለሁ፣ አለሁ!"

"ታዲያ ማነው?"

ጋሽ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንቺ ነሽ፣ ልጄ።"

ዘይነባ የጠዋቱን ፎቶ ነገር አስረዳቻት።

"ፎቶውን ያነሳሁት እኮ እኔ ነኝ" አለች ቤቲ።

ከላይኛው ካምፕ የተመለሱት ትናንት ነው። ሁሉም ራስ ምታት ይዟቸዋል፤ ምግብ ሸቷቸዋል። ግማሽ ቀን ፈጅታ የቀቀለችው ንፍሮ ብቻ ነው ከአፋቸው የገባው። ሲበሉ ደስ ብሏት ፎቶ አነሳቻቸው። በቃ።

መጀመሪያ የሳቀችው ዘይነባ ናት። ከዚያ ማንም ራሱን አልቻለም። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ቤቲ የቀረውን ተናግራ ነበር። ያ ያልተከፈተው ቮይስ "ነገ ወደ ጫፉ ይወጣሉ፣ ያልተመረቅኩት እኔ ብቻ ነኝ" የሚል ነው።

ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። በነጻ ያስለቀስኩት ሰው።

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ልጅሽን አልቅሰሽላት ፊትሽ ቁጭ ካለች በኋላ፣ "አይሆንም" የሚል ቃል ከየት ይመጣል?

"ውጪ" አልኳት። "ከመውጣትሽ ይልቅ መውረድሽን ያሳምርልኝ። እግርሽን አያዳልጠው፣ ትንፋሽሽን አይንሳሽ።"

"አሜን" አለ ድንኳኑ። ዘይነባ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ከስልኩ ውስጥ ያ ፂማም ፈረንጅ፣ ምን እንደተባለ ሳያውቅ፣ "አሜን" አለ።

ንፍሮው ተበላ፤ ይጣል እንዴ? ሲመጣ "እግዜር ያጥናሽ" ያለ ሰው ሲሄድ የሚለው ጠፋው። አንዳንዱ "እንኳን ደስ አለሽ" አለኝ። አንዷ ደግሞ ከልማድ "ነፍስ ይማር" ብላኝ ወጣች።

ድንኳኑን የሚነቅሉት ልጆች ነገ ነው የሚመጡት። ይሄን የምጽፈው ውስጡ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ነው። ዘይነባ ቅድም በር ላይ ቆማ ፎቶ አነሳችኝና ለቤቲ ላከችላት፤ አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ የንፍሮ ሰሃን ከፊቴ አድርጌ።

ቤቲ ወዲያው መለሰች። "እማዬ፣ ራስሽን አሞሽ ነው? ውሃ ጠጪ፣ እየለመድሽው ትሄጃለሽ።"

ውሃውን ጠጣሁ። ነገ እሷ እዚያ ትወጣለች፣ እኔ እዚህ ልደታ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልጆቻችሁን ተራራ የሰደዳችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ይሄስ የሚለመደው ስንቴ ወጥቶ ስንቴ ተወርዶ ነው?