ለአንዲት ክፍል የታጨደ ሣር

ድሮ ቤት የእግዚአብሔር ነበር። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል፣ «ቤትስ የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባል ነበር። እኔ ባረጀሁበት በዚህ ቀዝቃዛ የፈረንጅ ከተማ ግን እግዚአብሔር ቤቱን ለወኪሎች አስረክቦ የሄደ ይመስለኛል። አንዲት ክፍል ተለቀቀች ሲባል ደረጃው ከላይ እስከ ታች በሰው ይሞላል። ሁሉም ታጥቧል፣ ሁሉም ጥርሱን ገልጧል፣ ሁሉም ጎኑ ያለውን ሰው በልቡ ይረግማል። ወኪሉ፣ ዕድሜው ከልጅ ልጄ የማይበልጥ ጎረምሳ፣ «ውሻ አለዎት? ፒያኖ ይመታሉ? እንግዳ ያበዛሉ?» ይለኛል። እንግዳ የማበዛ ብሆን ኖሮ በዚህ ጉልበቴ ለክፍል ፍለጋ ደረጃ እወጣ ነበር? አዲስ አበባም ብሷል ይሉኛል፤ «ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ? ውኃ ታበዛላችሁ?» አስከትለውም «በራችሁን ከሦስት ሰዓት በፊት ዝጉ» ይላሉ። ሰው ከፈጣሪው ቀጥሎ የሚፈራው አከራዩን ነው። ተሳሳትኩ መሰለኝ፤ ፈጣሪንስ ዓመት ሙሉ ረስተውት ይቅር ይላል። አከራይን እስቲ አንድ ወር ረስታችሁ ሞክሩት።

በማንበብ ዓይኔን ጨርሻለሁ። ስለ ከተማ አስተዳደር፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ባለሀብትና ስለ ድሃ የጻፉትን ሁሉ አገላብጫለሁ። አንዲት ክፍል ለብዙ ፈላጊ እንዴት እንደምትሰጥ ጽፎ ያሳመነኝ ግን የለም። አድርጋ ያሳየችኝ አንዲት ሴት አለች። እኔ ደግሞ ሰው በቀላሉ የማደንቅ ሴት አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ምላሴን ያውቁታል።

ነገሩ የሆነው ነቀምቴ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። ቡና ዋጋ ያወጣበት ዘመን ነበር። ነጋዴው ከሸዋ፣ ጸሐፊው ከጎጃም፣ አስተማሪው ከየትም ወደዚያች ከተማ ይጎርፋል። ሰው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ቤት ግን በአውቶቡስ አይመጣም። ስለዚህ በአንድ ሳሎን ሦስት ባለትዳር በመጋረጃ ተከፋፍሎ ያድር ነበር። እኔም ከአንኮበር የተላክሁ ወጣት አስተማሪ ነበርኩና የአንድ ባልደረባዬ ቤት መጋረጃ ጀርባ ተጠግቼ ነበር። የመጋረጃው ባለቤቶች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ደግነትም እንደ መጋረጃ ይሳሳል።

ዲሬክተራችን ጠርተው ነገሩኝ። «ያላገባች ልጅ ከሰው ሳሎን ጥግ ስታድር ለትምህርት ቤቱ ስም ጥሩ አይደለም። ትምህርት ሳይከፈት ከተከበረ ሰው ግቢ ቤት ካላገኘሽ ቆላ አንገር አስተማሪ ይፈልጋሉ፣ ወደዚያ እልክሻለሁ።» ቆላ አንገር ማለት ንዳድ ማለት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ቆላ ወርዶ በንዳድ ነው የቀረው። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ክፍል አልነበረም፤ ሕይወቴን ነበር።

ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ የሚያወራላት አንዲት ክፍል ደግሞ ነበረች። ባለቤቷ አዴ አያንቱ ይባላሉ። «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፣ ለተከበረች ሴት ይባላል። እሑድ የወንጌል ሰው ናቸው፤ በሌላው ቀን ደግሞ የአባቶቻቸው ልጅ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወደ መንገድ የምታየዋን ክፍል ለማከራየት ቆረጡ። ቆርቆሮ የለበሰች፣ ወለሏ ሳንቃ፣ በሯ ለብቻዋ። የማን ልብ አይሰቀልባትም?

«የምፈልገውን ሰው በእንቁጣጣሽ ቀን አይቼ እሰጣለሁ» ብለው አስነገሩ።

እኔም ሄድኩ። በአገሬ በእንቁጣጣሽ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ነው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚባለው። አደይ አበባ ፈልጌ አጣሁ። ከመንገድ ዳር ለምለም ሣር ነጭቼ፣ በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም እጄ ላይ አፈጠጠ። አዴ አያንቱ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ። ምን በደልሽኝ?»

«ምንም አልበደልኩዎትም!» አልኩ ደንግጬ።

«ማንን ገደልሽ እንግዲያ?»

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በአማርኛ ሹክ አሉኝ። «ልጄ፣ እዚህ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ከሰው ግቢ የሚገባ ምሕረት የሚለምን ሰው ነው። ሣሩን ይዞ የመጣ፣ ደም ያለበት እንኳ ቢሆን፣ ሳይሰሙት አይመልሱትም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እኔ እንኳን አደረሰዎት ልል ነው… ክፍሏንም ልጠይቅ» አልኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አዴ አያንቱ ግን አልሳቁም። ሣሩን ከእጄ ተቀበሉና በቤታቸው መዝጊያ ላይ ሰኩት።

ያን ጊዜ አቶ ግዛው ብድግ አሉ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ የጎጃም ሰው፣ ባለ ሱፍ ኮት። ሚስታቸው የደረሰች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የሚኖሩትም ከአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ነው። «ሣር ከሆነማ እኛም እጅ አለን፣ እናጭዳለን!» አሉ።

«እጨዱ» አሉ አዴ አያንቱ። «ነገ ጠዋት ኑ።»

በማግስቱ ግቢው ግጦሽ መሰለ። አቶ ግዛው በሱፍ ኮታቸው ላይ ሣር ታቅፈዋል። ኦቦ ደበላ የሚባሉት የቡና ነጋዴ፣ ክፍሏን ለመጋዘን የሚፈልጓት፣ በሁለት ኩሊ አሸክመው መጡ። አንዱማ የጣራ ክዳን ሰንበሌጥ ይዞ ቆሟል። የአዴ አያንቱ ላም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች የሁሉንም ልመና ትቀምሳለች። እኔ ቆላ አንገር ታየኝ፤ ትናንት ብቻዬን የያዝኩትን ዛሬ አገር ይዞታል።

አዴ አያንቱ ወጡ፣ አዩ፣ ተቀመጡ። «ጥሩ ነው። ሣር የያዘ ሰው የበደለውን ይናገራል። ተናገሩ።»

«እኛ የመጣነው ለኪራይ ነው እንጂ…» አሉ አቶ ግዛው።

«ለኪራይ ባዶ እጅህን ትመጣለህ። ሣሩን ማን አስያዘህ?»

ይህን ጊዜ አምስት ስድስቱ ሣራቸውን አጥር ሥር ጥለው ሹልክ አሉ። ውድድሩ ያለ ጭቅጭቅ በግማሽ ቀለለ። ባለ ሰንበሌጡ የመጀመሪያው ነበር።

ኦቦ ደበላ ላባቸውን ጠረጉና አብሯቸው ወደ ቆመው ጎረቤታቸው ዞሩ። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ የትናንቱ ሽማግሌ ተረጎሙልኝ።

«አጥሩን ወዳንተ የገፋሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ችካሉን ስትነቅል አይቼሃለሁ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

«ስትመልሰው ልይ ብዬ ነው።»

ኦቦ ደበላ ክፍሏንም ረሱ። ከጎረቤታቸው ጋር ተያይዘው አጥሩን ሊያዩ ወጡ።

የቀሩትም ሣራቸውን ጥለው ከተመልካቹ ተቀላቀሉ፤ ሣር እንደያዙ የቀሩት አቶ ግዛው ብቻ ነበሩ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። እኔ በሆዴ «ይሄዳሉ፣ አሁን ይሄዳሉ» እላለሁ። አልሄዱም።

«የባልዎን የመሬት ጉዳይ ይዘው ሲመላለሱ» አሉ፣ ድምፃቸው አነሰ፣ «‹ዳኛው የሉም፣ ነገ ይመለሱ› ስልዎት የነበረው… ዳኛው ነበሩ። ውስጥ ተቀምጠው።»

ሴትዮዋ ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጭቃ ተመላልሰዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

«ለምን?» አሉ አዴ አያንቱ።

«ሰው ፊት ‹አንተ› ስላሉኝ።»

አዴ አያንቱ ቀና ብለው አዩአቸው። «እኔ በአማርኛ እግዚአብሔርንም ‹አንተ› ነው የምለው። ከእሱ ትበልጣለህ?»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ግዛው ራሳቸው ናቸው። ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የብዙ ባለሥልጣን ንግግር ሰምቻለሁ፤ ያን ሰውዬ የሚያህል ደፋር አላጋጠመኝም። ሰው በአደባባይ ጀግና ነኝ ሲል ምን ያስደንቃል? ትንሽ ነበርኩ ማለት ነው የሚከብደው።

አዴ አያንቱ ሣሩን ተቀበሏቸው። «ይቅር ብያለሁ። ቤቱን ለግዛው ሰጥቻለሁ። ሚስቱ ከሰካራም ጓሮ አትወልድም። ኪራዩን ግን በየወሩ ይከፍላል።»

ንዳዱ እዚያው የያዘኝ መሰለኝ። አለቀስኩ እንዳልላችሁ ጮህኩ። «የእኔን ሣር ትናንት ተቀብለው የለም እንዴ? ይኸው መዝጊያው ላይ! ቆላ ወርጄ ልሙት?»

«ኢንታሎ» አሉ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፣ «ምን ያስጮህሻል? ይህ በድሎ መጣ፣ ተናገረ፣ ታረቅን፤ ተከራይ ሆነ። አንቺ ሳትበድዪ ሣር አጭደሽ መጣሽ። ሳይበድል ለእናቱ ሣር የሚያመጣ ልጅ ብቻ ነው። ልጄን ኪራይ ላስከፍላት ነው? ዕቃሽን አምጪ፣ ግቢ።» የሚያሳዩኝ የራሳቸውን ቤት ነበር።

ዲሬክተሩ ሲሰሙ «ይሁን» አሉ፤ በነቀምቴ ከዚያ የበለጠ የተከበረ ግቢ አልነበረም። ቆላ አንገርም ቀረ። እኔ ከዚያች ከተማ እስክነሣ ድረስ የአዴ አያንቱ ልጅ ሆኜ ኖርኩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ ቤት ላጣ ቤት፣ ለተቀያየመ ዕርቅ፣ ለላሟም ድርቆሽ።

ግን ልጅነት ቀልድ አይደለም። ገና ሳይነጋ ውኃ ወረድኩ፣ ላም አለብኩ። መጽሐፍ ይዤ ሳመሽ መጥተው «ዓይንሽን ልታጠፊው ነው» ብለው ኩራዜን እፍ ይሉታል። የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መካከላችን ተቀምጠው የአባቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩበታል። ከመኝታዬ ፊት በር አልነበረም፤ መጋረጃም እንኳ።

የአቶ ግዛው ሚስት በዚያች ክፍል ወንድ ልጅ ወለደች። መልካም ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ሁልጊዜ ሲመሽ በሯን ከውስጥ በቁልፍ ቀጭ ስታደርግ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። እስከ ዛሬ እቀናባታለሁ።