እንደ ሰው የሚኖር ቤተሰብ

«እንደ ሰው መሆን» የሚባል በሽታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ አይቻለሁ። ልጄን ለወንድ ልጃቸው ያጩት አቶ አለኸኝ አጥራቸውን የሚቀቡት ጎረቤት በቀባው ቀለም ነው፤ የሚስቁትም ሌላው ሲስቅ ጠብቀው ነው። ምን ክፋት አለው? እኔም ሥርዓት እወዳለሁ። ሰው የሚያዋርድ ሥርዓት ግን አልወድም።

ባለፈው እሑድ ለምሳ ጠሩን። ልጄ ግራኝ ናት። ከጣና ዳር ከቁንዝላ የመጣውን ዓሣ በእንጀራ ጠቅልላ፣ «አባባ፣ ይጉረሱልኝ፣ በሞቴ!» ብላ ግራ እጇን ዘረጋችላቸው። አቶ አለኸኝ አፋቸውን ገጠሙ። ጣና ሞልቶ ሳሎን የገባ ይመስል ቤቱ ሁሉ ደነገጠ።

«እኛ ቤት እንደ ሰው በቀኝ ነው የሚጎረሰው» አሉ ባለቤታቸው። «እስከ ሠርጉ እጇን አስራችሁ አስለምዷት። ዘመድ ምን ይለናል?»

«እጇን የፈጠረው እግዜር ነው፤ ዘመድዎ አይደለም» አልሁ።

ልጄ ጉርሻውን ወደ እጮኛዋ አዞረችው። እሱም አፉን ከመክፈቱ በፊት የአባቱን ፊት አየ። ይኼኔ ራሷ ጎረሰችው። አላምጣ ስትጨርስ ቀለበቷን አውልቃ ከትሪው ጠርዝ አኖረችው።