በዘመነ «በቅርብ ቀን» የእማዬ ስልክ እንደ ታደሰች

የእማዬ ስልክ በተገዛች በሦስተኛው ዓመት፣ የመስሚያው መሣሪያ በጆሮዋ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ የስልክ ኩባንያው «አዲሱ ሶፍትዌር በቅርብ ቀን ይለቀቃል» እያለ ሕዝቡን በተስፋ በሚገዛበት፣ ሊቃውንትም ዘመነ «በቅርብ ቀን» ብለው በሰየሙት ዘመን፣ ቅዳሜ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ ኃያሉ አማቻችን፣ የእኅቴ ባል፣ የስምንት መቶ ውኃ ቆጣሪ አንባቢ፣ የታሰሩና ያልታሰሩ ውሾች ድል አድራጊ፣ ወረፋ አይቶ የማያውቅ፣ ቢያይም የማያምን፣ በሰፈሩ «አይጠብቄ» የተባለው፣ ኩባንያውን ሳያስፈቅድ ሶፍትዌሩን በገዛ እጁ ሊጭን ተነሣ። ይህን የምጽፈው እኔ የሚስቱ ወንድም ነኝ። ለአማች ማድላት አይሆንልኝም፤ ያየሁትን ግን አልደብቅም።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበር። እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ የቤቱን ወሬ በመሣሪያዋ ትሰማለች፤ መሣሪያው ግን ከስልኳ ጋር አልስማማ ብሎ፣ ሲደወልላት የሚደርሳት ጢዝታ ብቻ ሆነ። ታላቅ እኅቷ፣ ጉልበቷ ተይዞ በሌላ ከተማ ቤት የዋለችው አክስታችን፣ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ እናቴም በግምት «አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ አለሁ» ብላ ስልኩን ለእኛ ትሰጥና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እንዲህ ሆኖ ዓመት አለፈ። አንጀቴን ትበላው ነበር። አዲሱ ሶፍትዌር የደዋዩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሮ መሣሪያው ይልካል ተብሏል፤ ስልኳን የሠራው ፋብሪካም ፋይሉን ካወጣ ሰንብቷል፤ አንቆ የያዘው ኩባንያው ነው። ሄደን ስንጠይቅ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን።

አይጠብቄም ኢንተርኔት ላይ የመሰሎቹን ጉባኤ ገብቶ፣ ሦስት ቀን አንብቦ፣ ፋይሉን አወረደ። የጉባኤው ሊቃውንት ግን ከፋይሉ በላይ በቀይ ጽፈው ነበር፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ስልኩ ላይነሣ ይችላል፣ ኃላፊነቱም የራስህ ነው። እናቴ ደግሞ ሌላ ስልክ የላትም። ስለዚህም አይጠብቄ በትልልቅ ፊደል ጽፎ በሳሎኑ በር ላይ አዋጅ ለጠፈ፤ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክና ላፕቶፕ የነካ፣ ዘመድ ብትሆን ባዳ፣ ምሕረት የለህም!»

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ። በቀኝ እኅቴ፣ የልብስ ስፌት መምህርት፣ ካልጎበጠ የማይሠራውን ኬብል በሁለት ጣት ደግፋ፤ በግራ እኔ፣ መመሪያውን እያነበብሁ፤ በኋላ ድመቲቱ፣ ማንም ሳይጠራት፤ በመካከልም ላፕቶፑ፣ ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ከግድግዳ ካልተሰካ ትንፋሽ የሌለው። የእናቴ የጆሮ መሣሪያም ኋላ እንዲሞከር ከስልኳ ጎን በክብር ተቀምጦ ነበር። ቁጥሩም አሥር፣ ሃያ፣ አርባ በመቶ እያለ ወጣ፤ አይጠብቄም ደረቱን ነፋ።

ቁጥሩ ስድሳ አራት በደረሰ ጊዜ እናቴ ጎረቤት ልትሄድ ሻርፗን አድርጋ ወጣች። በቤታችን ደግሞ ካውያ ጠረጴዛ ካቃጠለበት ዘመን ጀምሮ የጸና የእናቴ ሕግ አለ፤ ቤት ሰው ኖረም አልኖረም፣ ከበር የሚወጣ ሁሉ ሶኬት ይነቅላል። መነጽሯን አድርጋ አዋጁን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ታዛዥ ሴት ናትና ስልኩንም ላፕቶፑንም ሳትነካ፣ ከሶፋው ጀርባ ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ነቀለችው። ሦስታችንም ጣራው እስኪነቀል ጮኽን። መሣሪያዋ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ላፕቶፑ ጠፋ፤ ስልኳም ጥቁር ድንጋይ ሆነች። የአይጠብቄ ፊት አመድ መሰለ። ያን ጊዜ እኅቴ አዋጅ ነገረች፤ «ብዬ ነበር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! እናቴን ስልክ አልባ ካስቀረሃት ግን ጉድህ ነው የሚፈላው!» እናቴም ሶኬቱን በእጇ እንደያዘች የሦስታችንን ፊት አይታ፣ ነገሩ ገብቷት፣ መልሳ ሰካችው፤ ወንበር ስባም በጀርባዋ ከልላው ተቀመጠችና አወጀች፤ «ነቃዩም እኔ፣ ጠባቂውም እኔ! እስቲ የሚነቅል ይምጣ!»

አይጠብቄም ወኔው ተመልሶ፣ ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ተጭኖ፣ ሠላሳ እስኪቆጥር ያዘ፤ ምንም የለም። ዳግመኛ ያዘ፤ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። እኔ ሽንፈቱን አሳምሬ ልጽፍ ብዕሬን ስዬ የመጣሁት፣ ያን ጊዜ በልቤ በርታ፣ በርታ ወንድሜ አልሁ። በሦስተኛውም፣ ጣቱ ነጭ ሆኖ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ፣ በጥቁሩ መስታወት ላይ ትንሽ ምልክት ታየች። ከዜሮ ተጀመረ። ምሳ ማንም አላነሣም፤ ሽንት ቤትም የሄደ የለም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን መቶ ሞላ።

እናቴ መሣሪያዋን በጆሮዋ አደረገች፤ አይጠብቄም ከስልኳ ጋር አገናኝቶ ለአክስቴ ደወለ። አክስቴ እንደ ልማዷ ሰፈር እስኪሰማ ጮኻ ኖሯል፤ እናቴ ደንግጣ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ከዚያም የቀኑን ታላቅ አዋጅ አሰማች፤

«እትዬ፣ አትጩኺ። እሰማሻለሁ።»

አክስቴ ቀጥላ ያለችውን እኛ አልሰማንም፤ ለእናቴ ብቻ ነበር የተነገረው። እንባዋ ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቀች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም በልጅነታቸው የተሰበረውን መስታወት ማን ሰበረው በሚለው ጉዳይ ጦር ተማዘዙ።

ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ። የሰማ ይመስክር፣ ያልሰማ ይቅናና፣ ክብርና ምስጋና ለአይጠብቄ ይሁን፤ ለጽኑው፣ ለታጋሹ፣ ዓመት ሙሉ መጣላት አቅቷቸው የኖሩትን ሁለት እኅትማማቾች እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ላጣላቸው!