የዋዛ ሰው

በእኛ አገር ሰው አፍ ሞልቶ የሚመሰገነው ካሸለበ በኋላ ነው። በቁሙ ሳለ በክፉም በደግም ያላነሳው ሁሉ፣ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ከንፈሩን ይመጥጣል። የፒያኖ መምህሬ ጋሽ ተስፋዬ ይህን ልማድ አልወደዱትም። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ጠሩኝና የሕይወት ታሪኬን ጽፈህ ሽኝቴ ላይ አንብብልኝ አሉኝ። ለምን ቢሉ፣ ከሞቱ በኋላ ስህተቱን ማረም አይችሉም።

ጋሽ ተስፋዬ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ቢቦፕ የሚባለውን ጃዝ ይጫወቱ ነበር። ቢቦፕ ምንድን ነው? የአሶሳ ባጃጅ ነው፤ ከተነሳበት መንገድ ይወጣል፣ ሰው በማያውቀው ቅያስ ይከንፋል፣ ተሳፋሪው ነፍሱን ለፈጣሪው ሲሰጥ ከች ብሎ ቦታው ላይ ያወርደዋል። ለሁለት ዓመት ሊያስተምሩ አሶሳ መጡ፤ ዋዛን ሰሙና ቀሩ። ዋዛ የበርታዎች ረጅም የቅል መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ጋሽ ተስፋዬ ይህን ባዩ ጊዜ የእኔ አሥር ጣት እዚህ አሥር ሰው ነው አሉ አሉ። እኛንም ያስተማሩን በዚሁ መንገድ ነው፤ አንድ ኪቦርድ ያስከብቡንና ለእያንዳንዳችን አንድ ቁልፍ ይሰጡናል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሶል የምትባል አንዲት ድምፅ ስነካ ኖሬአለሁ። ተራዬ ስታመልጠኝ የሚያዩኝን አስተያየት ግን ዛሬም አልረሳውም።

የሽኝቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከፊት የተቀመጡት ሃያ ዓመት አብረዋቸው የተጫወቱት የዋዛ ነፊዎች ናቸው፤ አለቃቸው ሐጂ ሙሳ መሐል ላይ። እኔ የሰፋሪ ልጅ፣ የአባቴን የወሎ አማርኛ አሳምሬ ጀመርኩ፦ "ጋሽ ተስፋዬ የዋዛ ሰው አልነበሩም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሐጂ ሙሳ ቀስ ብለው ተነሱና፣ "ኡስታዝ ተስፋዬ የዋዛ ሰው ካልሆነ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?" አሉኝ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የተማረ ሰው መች ዝም ይላል? በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ፣ ቁም ነገር የሌለው ነገር ማለት ነው ብዬ በትሕትና አብራራሁ። "እና የእኛ መለከት ቀልድ ነው?" አሉ ሐጂ። ነፊዎቹም ቅላቸውን ይዘው ወደ በሩ ተነሱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰውየውን የሃያ ዓመት ወዳጅነት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላፈርሰው ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ አልተቆጡም፣ አላስረዱም። ኪቦርዱ ጋ ሄደው አንድ የዋዛ ዜማ ጀመሩ፤ ግን የሐጂ ሙሳን ድምፅ፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር፣ ዝም ብለው ያልፏታል። ዜማው የፊት ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ሆነ። ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ። አንዴ ቻሉት። ሁለቴም ቻሉት። በሦስተኛው መለከታቸውን አንስተው ክፍተቷን ደፈኗት። ሌሎቹ ተከተሉ፤ ጋሽ ተስፋዬም በዚያ ላይ ቢቦፓቸውን ለቀቁት። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ?

ሲያበቃ ወረቀቴን ተቀበሉኝ። "አልነበሩም" የምትለዋን ሰርዘው "ነበሩ" ብለው ጻፉና፣ ስሞትም ይህንኑ ታነባለህ ብለው አስማሉኝ። ሐጂ ሙሳ ምስክር ሆኑ። እንግዲህ ያ ቀን ሲመጣ፣ ይራቅና፣ ዘመዶቻቸው ከአዲስ አበባ ጥቁር ለብሰው ይመጣሉ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጋሽ ተስፋዬ ዕድሜ ልካቸውን የዋዛ ሰው ነበሩ ብዬ አነባለሁ። ማብራራቱን ለሌላ ሰው ትቻለሁ፤ እኔ አንድ ጊዜ አብራርቼ አይቻለሁ።