ሊቀ ቆዳ እና የኤሊዋ ማጅራት

ሰላም ሲሏቸው ዓይንዎን ትተው ግንባርዎን የሚያዩ ሰው ገጥመውዎት የማያውቁ ከሆነ፣ የካርቱን ፊልም የሚሠራ ቢሮ ገብተው አያውቁም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየቢሮው አንድ አይጠፋም።

የእኛን ሊቀ ቆዳ እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሰጠናቸው በሐሜት ነበር፤ እሳቸው ግን ሲሰሙት አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀበሉት። ሥራቸው በኮምፒውተር ላይ እንስሳትን እንደ ጭቃ እያድበለበሉ መቅረጽ፣ ከዚያም ቆዳ ማልበስ ነው። የእውነተኛ ነገር ፎቶ በቅርጹ ላይ ይዘረጋሉ፣ በኮምፒውተሩ ብሩሽ ያሹታል፣ ፎቶው ቅርጹ ላይ ይታተማል። የዛፍ ቅርፊት የታሸበት አዞ ቁርጥ አዞ ይመስላል። ችግሩ ሊቀ ቆዳ በዛፍ ቅርፊት ብቻ አለመርካታቸው ነው።

«እንዳትንቀሳቀስ፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው» ይላሉ፣ ካሜራቸውን ደቅነው። የጥበቃችን ተረከዝ የአውራሪስ ጉልበት ሆኗል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ክርኗን ዝሆን ላይ ካየች ወዲህ እጅጌዋን ሰብስባ አታውቅም። የአለቃችን መላጣ ጥንብ አንሳ አናት ላይ ሲያበራ ያየነው ደግሞ በስብሰባ መሀል ነው። አለቃው ስክሪኑን አዩ፣ አናታቸውን ዳሰሱ፣ ሰው ሳያስፈቅዱ እንደገና ቢለጥፉ ከሥራ እንደሚባረሩ ለሊቀ ቆዳ ነገሯቸው። ሊቀ ቆዳ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጥፋቱ የብርሃኑ እንደሆነ አስረዱ።

እኔን ግን አንስተውኝ አያውቁም ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «አንቺ ገና ነሽ፤ ፊትሽ ላይ የሚነበብ ነገር የለም» አሉኝ። ሴት ልጅ አልተሸበሸብሽም ተብላ እንደምትናደድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ቀን አባቴ የረሳሁትን ቁልፍ ይዘውልኝ ቢሮ መጡ። አባቴ በአውቶቡስ ሾፌርነት ያረጁ ሰው ናቸው፤ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ሲመታው የኖረው ጉንጫቸው ከሌላው ይልቅ ተጨማዷል። ቀልድ አያውቁም። ሊቀ ቆዳ ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ለአለቃው እንኳ ተነሥተው አያውቁም። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቀና ስል አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ቀጥ ብለዋል፣ ካሜራው አፍንጫቸው ሥር ነው። ለመግቢያ ባጅ መስሏቸው ነበር።

ሊቀ ቆዳ አዲስ ሠራተኛን ሁሉ የሚያሰለቹበት አንድ ምክር አላቸው፤ «ጀርባውን ዝጋ» የሚል። የቅርጹ ጀርባ ካልተዘጋ ከፊት የታሸው ፎቶ በስቶ ያልፍና ከኋላም ይታተማል። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

የኤሊ ፊልም ያዘዙን ሴትዮ ዋናዋን ኤሊ ሊያዩ መጡ። ኤሊዋ ስክሪኑ ላይ ስትወጣ የምትተነፍስ ትመስል ነበር። ሴትዮዋ በደስታ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና እስቲ አዙሯት አሉ። ኤሊዋ ዞረች።

ማጅራቷ ላይ አባቴ ነበሩ።

ከነአፍንጫቸው፣ ከነጺማቸው፣ ከነቁጣቸው ነበሩ። ሊቀ ቆዳ ከፊት በኩል የኤሊ ዓይንና አፍ ሠርተው አባቴን ሸፍነዋቸዋል፤ ጀርባውን ግን ሳይዘጉ ረስተዋል። የሰው ሁሉ ቆዳ የሚያጠኑት ሰውዬ የራሳቸው ፊት አመድ መሰለ።

«እኚህ ሰው ማን ናቸው?» አሉ ሴትዮዋ።

«አባቴ ናቸው» አልኩ።

የኋላው በቀላሉ እንደሚጠፋ ነገርናቸው። ሴትዮዋ ግን የፊቱም ቆዳ የሰው መሆኑ ስለገባቸው፣ ባለቤቱ ካልፈቀዱ ኤሊዋን እንደማይወስዱ ተናግረው ሄዱ። አለቃውም ወደ ሊቀ ቆዳ ዞረው፣ ሽማግሌው እምቢ ካሉ ዕቃህን ሰብስብ አሏቸው። እኔ አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ከወዲሁ መሰብሰብ ቢጀምሩ ይሻላቸው ነበር።

በማግስቱ አባቴ መጡ። ሊቀ ቆዳ እጃቸውን አጣምረው፣ እንዳጠፋ ተማሪ ጥግ ይዘው ቆሙ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ተደፉ። ፊቷን አዩ፣ አስዞሩና ማጅራቷን አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ። ለካ እንዲባረሩብኝ አልፈልግም ነበር፤ ይህም ራሱ አስደነገጠኝ።

«ለዚህች ልጅ ሠርግ ፎቶ ቤት ተነሥቼ ነበር» አሉ አባቴ በመጨረሻ። «መስመሬን ሁሉ ጠራርገው ጎረምሳ አደረጉኝ። የማን ፎቶ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ይሄ ሰውዬ ግን አንዷንም መስመር አልጣለብኝም፤ የመስኮት በኩሏ እንኳ አለች።»

ከዚያ ወደ ሊቀ ቆዳ ዞሩ። «የፊቱ ይቆይ። የኋላውን አጥፋው፤ እኔ ወደ ኋላ እያየሁ ነድቼ አላውቅም።»

ሊቀ ቆዳ ከሥራ ሳይባረሩ ቀሩ። ያን ያህል ደንግጠው አደብ የሚገዙ መስሎን ነበር፤ በዚያው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛችንን ጉልበት እንሽላሊት ላይ አየነው። መሻሻል ቢባል፣ አስፈቅደው ነው።

ሰሞኑን መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባችና ፊቴን አጨማደድኩ። ሊቀ ቆዳ ሥራቸውን አቁመው ግንባሬን አዩና ከወንበራቸው ተነሡ። ከቅንድቤ በላይ የአባቴ መስመር ወጥቷል አሉኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ ልሰድባቸው ቃጣኝ።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አሉኝ፣ ካሜራውን አንስተው ፈቃዴን እየጠበቁ። «ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

የምን እንስሳ እንደምሆን እንኳ ሳልጠይቅ ቀጥ ብዬ ቆምኩላቸው።