«እኛም ጋ አለ» የሚለው ጀዕፈር

በየአገሩ «እኛም ጋ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። ባሕር ብታሳዩት የጓሮውን ኩሬ ያነሳባችኋል። አዲሱ ክልል ተቋቁሞ ቢሮዎች በቆርቆሮ ቤት ሥራ ሲጀምሩ፣ ለአሶሳ የደረሳት እንዲህ ያለው ሰው ክቡር የባህል ባለሙያችን ጀዕፈር ነበር።

ጀዕፈር ለልምድ ልውውጥ ጎንደር ተላከ። አውቶቡስ ላይ አብሮት የተቀመጠ ሁሉ «አሶሳ? ሱዳን ውስጥ ነው እንዴ?» እያለ አንጀቱን አሳረረው። ስለዚህ ጎንደር የገባው ምሎ ነው፦ ወላሂ፣ ማንም «እነዚህ ሰዎች ምንም የላቸውም» ብሎ አያዝንልኝም!

አስተናጋጁ አቶ የሻው፣ አንደበተ ለስላሳ የጎንደር ሰው፣ መጀመሪያ ፋሲል ግንብ ወሰዱት። ጀዕፈር ቀና ብሎ ሲያይ ልቡ ድንግጥ አለ። አፉ ግን «ግንብማ እኛም ጋ አለ» አለ። በሐሳቡ የመጣለት ሲሚንቶ አልቆበት ከጉልበት በላይ ያላለፈው የቢሮው አጥር ነው። ስሜን ተራሮች ላይ በአራት እግሩ እየዳኸ፣ ሣር ጨብጦ፣ «ገደልማ እኛም ጋ ሞልቷል» አለ። በተዋሰው ካፖርት ውስጥ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ብ... ብርድም አለ» ብሏል፤ የአሶሳን ፀሐይ የሚያውቅ ይፍረደው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሳሉትን መላእክት ሲያይ እንኳ «እኛም...» ብሎ ጀምሮ፣ ፈጣሪን ፈርቶ ዋጠው። ብቻውን ሲሆን ግን «ለዚህ ምላስ ፍሬን ቢሠራለት ምን ነበረበት?» እያለ ራሱን ይረግም ነበር።

ሲሰነባበቱ አቶ የሻው እጁን ጨብጠው፣ በየዋህነት፣ «እንግዲያውስ መጥተን እናየዋለና!» አሉ።

አሶሳ ሲመለስ ሚስቱ ኢንቲሳር ወሬውን ሰምታ በሳቅ ፍርስ አለች። «ግንቡን የት ልታቆምላቸው ነው? ከፍየሎቹ በረት ጎን?»

«ተይኝ እባክሽ፣ ጉድ ፈልቷል!»

እንግዶቹ አዝመራ እንደተሰበሰበ መጡ። አጥሩን አዩ፤ አቶ የሻው በጨዋ ደንብ «ጠንካራ ነው» አሉ። ገደል የተባለውን ጉብታ ወጥተው ሲወርዱ ከታች ትተውት የሄዱት ሻይ ገና አልበረደም። ጀዕፈርን ላብ አጠመቀው። አለቀልኝ፤ አገሬን ከፍ አደርጋለሁ ብዬ አዋረድኳት አለ በልቡ።

ለእንግዶቹ የሚያሳያቸው የቀሩት በአቅራቢያው መንደር ያሉት የቅል ጥሩምባ ነፊዎች ብቻ ነበሩ። ይህን ጨዋታ ጎንደር ላይ አንዴም አላነሳውም፤ ከልጅነቱ ሲሰማው ያደገውን ነገር ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል! እያንዳንዱ ጥሩምባ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የዚያን ቀን ግን አንዱ ነፊ ታሞ ቀርቶ፣ ዜማው ጥርስ እንደጎደለው አፍ ሆነ። የነፊዎቹ አለቃ፣ ሽማግሌው ኻሚስ፣ የታመመውን ሰው ጥሩምባ ለጀዕፈር ሰጡት። እንግዶቹም እንዲሰሙ ብለው በአማርኛ፣ «አንተ ወሬ ብዙ ነህ» አሉት። «ይሄ አንድ ብቻ ነው የሚናገር። ተራህን ጠብቅ።»

ጠበቀ። ጀዕፈር፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተራውን ጠበቀ። «ቡ!» አለ፤ ዝም አለ፤ እንደገና «ቡ!»። አቧራው ተነሳ፣ እግር መሬቱን ደበደበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ክፍተቱ ሞልቶ ዜማው ዞረ።

ሲያበቃ አቶ የሻው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር።

«አቶ ጀዕፈር፣ እኛ ጋ እምቢልታ አለ። እንዲህ ያለ ግን...» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲህ ያለ እኛ ጋ የለም።»

ያን ሁሉ ገደል የዳኸው ይህችን ቃል ለመስማት አልነበረም? ሊፎክር አፉን ከፈተ። የሰውየው ፊት ግን አሳዘነው፤ «የለንም» ማለት እንዴት እንደሚያም ከእሱ በላይ ማን ያውቃል!

«ኧረ ይኖራል፣ አቶ የሻው» አለ። «በደንብ ይፈልጉ እንጂ፣ እናንተም ጋ አይጠፋም።»